«ተመስገን» ማለት አቃተኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? ያለሁት ሚላን ነው። አንዲት አዛውንት እየተንከባከብኩ እዚያው ቤታቸው እኖራለሁ። ይህን የምጽፈው በ2020 የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ማርች 9 ቀን አገሩ በሙሉ በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ለአስቤዛ ካልሆነ አልወጣም፣ ለእሱም ፎርም ሞልቼ ነው። እናቴ ስትደውል «ጤና ነሽ፣ ደሞዝ አለሽ፣ ተመስገን በይ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን አፌ ይላል እንጂ ልቤ አይልም፤ እዚሁ አጠገባችን ቤርጋሞ ሬሳ በወታደር መኪና ሲጫን በቲቪ ካየሁ በኋላ የኔ መትረፍ ምኑ ያስደስታል እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ምን ዓይነት ምስጋና ቢስ ነኝ ብዬ ራሴን እወቅሳለሁ። የፋሲካ ቅዳሴን በስልክ አየሁ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ (ያውም በስንት ፍለጋ በተገኘ በርበሬ!) አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። እንደኔ ሆናችሁ የወጣችሁበት ካላችሁ፣ «ጸልዪ» ብቻ ሳይሆን ጠዋት ስትነሱ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ።