ደብተሬን ስከፍት «አብሽሪ» ጠፋ

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
የቋንቋ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ እንዴት እንደሚነጋገሩ ልመዘግብ ተነሣሁ። ስድስት እናቶች ናቸው፤ አራቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። ማተብ ያሰሩት እናት ልጇ የታመመባትን ጎረቤት «አብሽሪ» ብለው ያጽናናሉ፤ ያችው ጎረቤት አራስ ስትጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች። ማን የማንን ቃል እንደወሰደ የሚቆጥር የለም። እኔ ያደግሁት ይህንን እየሰማሁ ነው፤ ሳይጻፍ እንዲቀር አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ደብተሬን ገና ሳወጣ «አብሽሪ» ወደ «አይዞሽ» ተለወጠ። «ጀባ» እየተባለ ይዘረጋ የነበረው ስኒ «እባክዎ ይጠጡ» ተባለበት። እናቴ እንኳ እንደ ዜና አንባቢ ተናገረች! ከአቦል እስከ በረካ አንድም የቤታችንን ቃል አልጻፍሁም። በስልኬ በድብቅ ልቅዳቸው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ተይ ልጄ! ቡና ላይ የሚወራው የሰው ገመና ነው። የቀዳሽ ዕለት አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እናትሽም ጎረቤት ያጣሉ።

መልስ፣ መምህር ከወልድያ፦
የገጠመሽን አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊሊያም ላቦቭ «የታዛቢው ተቃርኖ» ብሎታል፦ ሰዎች ሳይታዘቧቸው እንዴት እንደሚናገሩ ማወቅ እንሻለን፤ የምናውቀው ግን በመታዘብ ብቻ ነው። እሱ ራሱ በኒው ዮርክ መደብሮች አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን የሚያውቀውን ዕቃ ሻጮችን «የት ነው?» እያለ፣ ያልሰማ መስሎም እያስደገመ፣ የ264 ሰዎችን አነጋገር መዝግቧል። ያ ለማያውቁት ሰው ነው፤ አንቺ ለአሳዳጊዎችሽ አታድርጊው። ሌላው ዘዴው ይሻልሻል፦ ሰዎች ከሞት የተረፉበትን ሲተርኩ አነጋገራቸውን መጠበቅ ይረሳሉ። ብቻ የ77ቱን ድርቅ አታንሺባቸው፤ ስለ ወሊድ ጠይቂ። አስቀድመሽም ፈቃዳቸውን ለምኝ።

ጠያቂ፦
ፈቃዳቸውን ለምኜ፣ ደብተሬን ቤት ትቼ፣ ቡናውን ራሴ ቆላሁ። ስለ መጀመሪያ ልጃቸው ጠየቅኋቸው። ማተብ ያሰሩት እናት ምጣቸው ሦስት ቀን ፈጅቶ ነበር፤ በራፍ ላይ ሆነው ዱዓ ያደረጉላቸው ሙስሊም ጎረቤታቸው እንደነበሩ ሲናገሩ አለቀሱ። ሌሎቹ በአንድ አፍ «አብሽሪ» አሉ። ማታ ትዝ ያለኝን ስጽፍ አራት ገጽ ሞላ። ነገ አንብቤላቸው፣ «ይህ ይውጣ» የሚሉትን እሰርዛለሁ።