«ማታ ሰክቶ ማደር»

አራተኛ ፎቅ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ መከልከሉ ስንከራከር አንድ ሰው ክርክሩን በምን እንደ ዘጋው ታስታውሳላችሁ? «ኤሌክትሪክ መኪና ምን ጣጣ አለው? ማታ ሰክቶ ማደር ነው፤ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቅሃል» አለ። ይህች ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክነኝ አደረች። ሰክቶ ማደር! የት ነው የምሰካው? የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪና የሚያድረው ግቢው ውስጥ ሲሆን ቦታውም ቀድሞ ለገባ ነው። በመኝታ ቤቴ መስኮት ገመድ ላውርድ? ክልከላው ከታወጀበት ከጥር 2016 ወዲህ «የት ይሰካ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው አላጋጠመኝም። የመለሰልኝ ሁሉ የግል ጊቢ ያለው ነው።

የግድቡ ልጅ፦ ያልሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። አሁንም እደግመዋለሁ። በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በነዳጅ ቦቴ ተጭኖ እየተቃጠለ ያልቃል። ውኃው የእኛ፣ ወንዙ የእኛ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 መርቀናል። እና አንተ የምታለቅሰው ለመስኮትህ ነው?

አራተኛ ፎቅ፦ ለመስኮቴ ሳይሆን ለመሰኪያዬ። ግድቡ ጉባ ነው፤ እኔ ያለሁት አራተኛ ፎቅ። በመካከላችን ያለውን ነገር ነው የጠየቅሁት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነብኝ እኮ።

የግድቡ ልጅ፦ ላሟ ከሰማይ ከወረደች ቆየች። መታለብ የጀመረችው የካቲት 2014 ነው። አንተ ማለቢያ ከሌለህ የላሟ ጥፋት አይደለም።

ገመድ ዘርጊ፦ እንግዲህ ስለ ማለቢያው እኔ ልናገር፤ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ሁለታችሁም ቁጥር ሳትነኩ ትጮኻላችሁ። ተራ የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው። አሥር ሰዓት ሰክቶ ያደረ መኪና 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያገኛል። ይህ ለትንሽ መኪና 150 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ሦስት ሰዓት ቢሰካ ይበቃዋል። ስለዚህ «ሰክቶ ማደር» የሚለው ቃል በሒሳብ ትክክል ነው። ችግሩ ሒሳቡ የግል ቆጣሪና የግል በር ላለው ሰው መሆኑ ነው። ባለ 200 ኬቪኤ፣ ማለትም ቢበዛ 200 ኪሎ ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር በተተከለበት ሰፈር መቶ መኪና ባንድ ጊዜ ቢሰካ 220 ኪሎ ዋት ይጠይቃል፤ ያውም መብራቱም፣ ምድጃውም፣ ቴሌቪዥኑም ሳይቆጠር። ማለቢያ ማለት ትራንስፎርመሩ ነው።

የግድቡ ልጅ፦ «በሒሳብ ትክክል ነው» ብሏል። ባለሙያው መሰከረልኝ።

ገመድ ዘርጊ፦ የቀረውንም አንብበው እንጂ።

የሰሚቷ፦ እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምኖረው፤ ስለ መኪና አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኔ ምጣድ ስንት ይጎትታል? አንዴ ብሬከሩን እየጣለ ሲያስቸግረኝ የመጣው ሠራተኛ «ምጣድዎ ነው» ብሎኛል።

ገመድ ዘርጊ፦ እትዬ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ነው። በተራ ሶኬት ከሚሰካ መኪና የእርስዎ ምጣድ ይበልጣል።

የግድቡ ልጅ፦ አያችሁ! እናቶቻችን ስንት ዘመን መኪና ሲጋግሩ ኖረዋል፤ ማንም ትራንስፎርመር ፈነዳ አላለም።

የሰሚቷ፦ አላለም? አንተ ልጅ የት አገር ነው ያለኸው? የበዓል ዋዜማ ምን እንደሚሆን አታውቅም? ሰፈሩ በሙሉ ምጣዱን ባንድ ላይ ሲጥድ መብራቱ ድርግም ይላል። ሊጡ ኮምጥጦ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ፣ እኔ ከሰል ፍለጋ ስሯሯጥ ነው በዓሉ የሚገባው። የፋሲካ ዋዜማ በዓመት አንዴ ነው። አንተ የምትለው ግን ሌሊቱ ሁሉ ዋዜማ ይሁን ነው።

አራተኛ ፎቅ፦ «ሌሊቱ ሁሉ ዋዜማ ይሁን»። እትዬ፣ ይህችን ቃል እወስዳታለሁ።

ገመድ ዘርጊ፦ በመጠኑ ላርምዎት እንጂ። ዋዜማው የሚከፋው ሁሉም ባንድ ሰዓት፣ በአብዛኛው ማታ ስለሚጥድ ነው። መኪና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲተኛ ቢሰካ ጭነቱ ይበተናል። ሰዓት የሚጠብቅ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ አለ።

የሰሚቷ፦ መሣሪያው ይጠብቅ፤ ሰውስ ይጠብቃል?

ሚኒባስ ነጂ፦ እኔ በዚህ ቤት ከሁሉም የሚቀለኝ ሰክሮ ማደር ነው። በቀልዱ ይቅርታ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ተሳፋሪ የምጭነው በናፍጣ ነው፤ በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የምሄድበት ጊዜ አለ። ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ እየተነሣ መጥቶ ወገባችን ጎብጧል፤ ማደያ ላይ ደግሞ ሰልፍ አለ። ኤሌክትሪክ ቢሆንልኝ ደስታዬ ነበር። ግን ቆሞ ሲሞላ የሚያልፈውን ሰዓት ማን ይከፍለኛል? ባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ይጠብቃል።

የግድቡ ልጅ፦ ዶልፊን ያዛ! ባትሪው 44.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ለከተማ ይበቃሃል።

ሚኒባስ ነጂ፦ ዶልፊን እኮ ነው የምነዳው።

የግድቡ ልጅ፦ ታዲያ ምን አጨቃጨቀህ? በኤሌክትሪክ እየነዳህ ነው እንዴ ስለ ናፍጣ የምታወራው?

ሚኒባስ ነጂ፦ ኧረ የምን ኤሌክትሪክ! ዶልፊን! ቶዮታ! አሥራ ሁለት ሰው የሚጭነው!

ሶማሌ ተራ፦ ወገኖቼ፣ ይህች አገር የነዳጅ ፖሊሲ የምታወጣው በዚህ መግባባት ነው። አንዱ የሚያወራው ስለ ቻይናው ኤሌክትሪክ መኪና ስለ ቢዋይዲ ዶልፊን፣ ሌላው ስለ ቶዮታው ሚኒባስ ስለ ሃይኤስ ዶልፊን።

የግድቡ ልጅ፦ ስሙን ያወጣው ሰው ይጠየቅ። እኔ ምን አጠፋሁ?

ሚኒባስ ነጂ፦ የእኛ ይቀድማል። ቻይናዎቹ ናቸው ከእኛ የወሰዱት።

ሶማሌ ተራ፦ አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔ መለዋወጫ ሻጭ ነኝ፤ ስለዚህ «እንጀራው ሊጎድል ነውና ያለቅሳል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሉ። አንድ እውነት በግድም ቢሆን ልናዘዝ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ሽሮ ሜዳን ሲወጣ አያቃስትም። ከእንጦጦ ሲወርድ ደግሞ በፍሬኑ ባትሪውን ይሞላል። የሞተር ዘይት የለው፣ ሻማ የለው፣ ማርሚታ የለው። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ቅናቴን ዋጥሁት።

ግን ያስገባናቸው መኪናዎች የማን ናቸው? ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪናቸው ቻይንኛ ያወራል። የቮልስዋገን አይዲ 6 የተሠራውም የተሸጠውም ለቻይና ብቻ ነው፤ እዚህ ግን በየመንገዱ ታየዋለህ። የመሙያ ጉሮሯቸው በቻይና ልክ የወጣው ጂቢቲ ነው፤ በአውሮፓ ልክ ከተሠራ መሙያ ጋር አይገጥምም። ባለፈው አንድ ደንበኛ የፊት መብራት ፍለጋ መጣ፤ የተጋጨው ትንሽ ነበር። መርካቶን አካለልሁለት፤ የለም። ሦስት ወር ጠብቆ ከቻይናዋ ጓንግዡ በሻንጣ አስመጣ። የመኪናው ባትሪ ሞልቶ ነበር፤ ሰክቶ አድሯል። መብራት ብቻ አልነበረውም።

አራተኛ ፎቅ፦ ሰክቶ አደረ፣ ከዚያም ሦስት ወር ተቀመጠ።

የግድቡ ልጅ፦ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡም «የሰይጣን ድምፅ ነው» ተብሎ ነበር። አዲስ ነገር ሲመጣ የሚጮኽ ሁልጊዜ አለ።

አራተኛ ፎቅ፦ ይህን ስልክ ስንቴ ትደውሉብናላችሁ? ውኃ ቢጠፋ ስልኩ፣ መንገድ ቢቆፈር ስልኩ። ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ እኮ መልእክተኛ በበቅሎ መላክን አልከለከሉም! ስልኩ የተሻለ ሆኖ ሲገኝ ሰው ራሱ በቅሎውን ተወ። የእናንተ በቅሎውን አስሮ ስልኩን «እየመጣ ነው» ማለት ነው።

ከኦስሎ፦ ጣልቃ ልግባ። የምኖርበት ኖርዌይ በ2024 ከተሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ኤሌክትሪክ ነበሩ። መብራታቸውም እንደ እኛ ከውኃ ነው። ደግሞ አልከለከሉም፤ በቤንዚኑ ላይ ቀረጥ ጫኑ፣ ከኤሌክትሪኩ ላይ አነሡ፣ ሰውየው ራሱ አስልቶ ዞረ። እኔም በበረዶው ወቅት ባትሪው የሚያስኬደኝ ርቀት እያጠረብኝም ቢሆን ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው። ሰክቼ ነው የማድረው፤ የሚሰካውም ከሕንፃው ምድር ቤት ነው።

ሚኒባስ ነጂ፦ ወንድሜ፣ ኖርዌይ በአንድ እጇ ነዳጅ ትሸጣለች፤ በሌላው ትሰካለች። እኛ ሁለቱም እጃችን ባዶ ነው።

የግድቡ ልጅ፦ ነዳጅ ስለሌለን እኮ ነው የተከለከለው! እሷ ሸጣ ታተርፍበታለች፤ እኛ ገዝተን እንከስርበታለን። የእኛ ምክንያት ከእሷ ይልቅ ይጠነክራል። ቀረጡንም ያኔ ቀነስነው፦ ተገጣጥሞ ያለቀ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ተበታትኖ የመጣ ምንም። ኤክሳይዝም ቫትም አነሣንለት።

አራተኛ ፎቅ፦ ቀረጡ ለማን ነው የተነሣው? ጊቢ ላለው፣ ጊቢው ውስጥ ሶኬት ላለው፣ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ መኪና በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ለገበያ ተለቅቆ ዶላሩ የትም ደርሷል፤ ቀረጥ ቢነሣም ዋጋው አልወረደልኝም። እኔ ደግሞ ያችኑ አሮጌ ቪትዝ ይዣለሁ፤ አዲስ ስለማይገባ ዋጋዋ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ልሸጣት ብል ገዢ ይሰለፋል፤ ግን ሸጬ በምን ልሂድ?

ከኦስሎ፦ ይህ ነጥብ ከባድ ነው። ክልከላ ብቻውን አሮጌውን ከመንገድ አያስወጣም፤ ዕድሜውን ያራዝምለታል። ጭሱም አብሮ ይረዝማል።

የግድቡ ልጅ፦ አንተ ከኦስሎ ሆነህ ስለ ቪትዝ ጭስ ታወራለህ?

ከኦስሎ፦ እናቴ የምትተነፍሰው ያንን ጭስ ነው። ቦንድም ገዝቻለሁ፤ ከፈለግህ ላሳይህ።

የግድቡ ልጅ፦ ስንት ብር?

ከኦስሎ፦ በዶላር ነው የገዛሁት።

የግድቡ ልጅ፦ እሺ፤ ስለ ጭስ መናገር ትችላለህ።

የሰሚቷ፦ ቦንድ እኔም ገዝቻለሁ፤ ያውም በእንጀራ ገንዘብ። መጋቢት 2003 መሠረቱ ሲጣል ያለቀስሁት ለመኪና አልነበረም። እኅቴ ገጠር ናት። እስከ ዛሬ በኩራዝ ነው የምታመሸው፤ በጭስ ዓይኗ ጠፍቷል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። ከዚያ ሁሉ ሜጋ ዋት መጀመሪያ ለማን ይድረስ? ለእኅቴ ምጣድ ወይስ ለሰዎቹ መኪና?

ገመድ ዘርጊ፦ እትዬ፣ ይህ ጥያቄ የሚያስጨንቅ ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቀምቶ አይደለም። ኃይሉ አለ፤ ገጠር ድረስ የሚያደርሰው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው የጎደለው። የከተማው መኪና ሌሊት ከተሰካ ገቢ ያስገባል፤ በገቢው ምሰሶ ይተከላል።

የሰሚቷ፦ ይተከላል ወይስ ይተከል ነበር?

ገመድ ዘርጊ፦ ይህን ለእኔ አይጠይቁኝ፤ እኔ የምዘረጋው ሲታዘዝልኝ ነው።

ሶማሌ ተራ፦ ረጅም ጉዞስ? ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በወረቀት 405 ኪሎ ሜትር የተጻፈለት መኪና በቻይና መለኪያ ነው የተለካው፤ በእኛ መንገድ፣ አራት ሰው ጭኖ፣ ሽንኩርት ሲጨመርበት የዚያን ያህል አይሄድም። ባሕር ዳር ልሂድ ብትል ደግሞ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳለህ፣ ደጀን ትወጣለህ። ስትወርድ ያገኘኸውን ስትወጣ ትመልሳለህ፤ ከነወለዱ።

የግድቡ ልጅ፦ በመንገድ ላይ መሙያ ይሠራል።

አራተኛ ፎቅ፦ «ይሠራል»። ትናንት ሰክቶ ማደር ነበር፤ ዛሬ ይሠራል ሆነ። ነገ ምን ትለናለህ? «ታግሦ ማደር»?

የግድቡ ልጅ፦ አንተ መፍትሔ ሳይሆን ቃል ነው የምታሳድደው። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃሌን ይዘህ ትዞራለህ።

አራተኛ ፎቅ፦ ቃልህ ሰክታኝ አደረች እኮ ነው የምልህ።

ገመድ ዘርጊ፦ በነገራችን ላይ፣ ስለ መስኮቱ ቁም ነገሬን ልናገር። አራተኛ ፎቅ ከሆነ እስከ ግቢው 20 ሜትር ያህል ገመድ ይበቃል። 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ከሆነ 10 አምፔር ይሸከማል። ብቻ ኤክስቴንሽኑን ጠቅልለህ አትተወው፤ ተጠቅልሎ ጭነት ሲሸከም ይግላል፣ እሳትም ያስነሣል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መጋጠሚያው መሬት እንዳይነካ።

አራተኛ ፎቅ፦ ገመድ መቼ ጠየቅሁህ?

ገመድ ዘርጊ፦ «በመስኮቴ ላውርድ?» ብለህ ጠይቀሃል፤ ከላይ አለ።

አራተኛ ፎቅ፦ እሱ እኮ ምሬት ነበር!

የሰሚቷ፦ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ በመስኮታቸው ላይ ገመድ ሲያልፍ ዝም የሚሉ ይመስላችኋል?