ለሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆን የዶከር ኢሜጅ፦ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ አሞራ ገደል ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች የሚዛን መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። የማደርስላቸው በዶከር ኢሜጅ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በያዘ ጥቅል ነው። ላፕቶፔ ኢንቴል ነው፤ እዚያ ያለችው ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ግን ኤአርኤም 64 የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው ያላት። ላፕቶፔ ላይ በቢልድኤክስ (የዶከር መገንቢያ መሣሪያ) ለሁለቱም ስገነባ የኢንቴሉ ቶሎ ያልቃል። የኤአርኤሙ ግን በኪውኢኤምዩ (ሌላ ፕሮሰሰርን በሚያስመስል ፕሮግራም) በኩል ስለሚያልፍ፣ አንዱ የፓይተን ላይብረሪ ከሲ ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር) ሌሊቱን ሙሉ ይንቀረፈፋል። መሃል ላይ መብራት ከሄደማ ያ ደረጃ እንደገና ከሀ ይጀምራል!

የኤአርኤሙን ፓይዋ ላይ፣ የኢንቴሉን ላፕቶፔ ላይ ለየብቻ ገንብቼ ዶከር ሃብ (የኢሜጆች ማከማቻ ድረ ገጽ) ላይ ልጫናቸው? ከዚያ በቢልድኤክሱ «ኢሜጅቱልስ ክሪኤት» ትእዛዝ አንድ ታግ (መለያ ስም) ሥር ማዋሃድ ይቻላል? ፓይዋ ራሟ 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ኮምፓይሉን ትችለዋለች? ወይስ ላፕቶፑ ላይ ክሮስ ኮምፓይል (ያለ ኪውኢኤምዩ በቀጥታ ለኤአርኤም ኮምፓይል ማድረግ) ይሻላል? የሞከራችሁት ካላችሁ ዶከርፋይላችሁን (የኢሜጁን መገንቢያ መመሪያ ፋይል) አሳዩኝ። ሰዎቹ እስካሁን በደብተር ነው የሚመዘግቡት፤ ቶሎ ላደርስላቸው እፈልጋለሁ።