ፋሲል ግንብ ሸራዬ ላይ ለምን ይሞትብኛል?

ጠያቂ፦ የቀሃ ልጅ
ከሰኞ እስከ ዓርብ ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሸራዬን ተሸክሜ ጎሃ ኮረብታ ላይ እወጣለሁ። ፋሲል ግንብን ከዚያ ሆኜ በአክሪሊክ ቀለም ስሥል ይኸው ሦስተኛዬ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ግድም ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣና ግንቡን ማር የተቀባ ያስመስለዋል፤ ከጀርባው ወደ ደምቢያ ያለው አገር እየሳሳ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ቤት እጨርሰዋለሁ፦ ድንጋዩን አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ፣ ጥላውን በጥቁር። እናቴ ትናንት አየችውና «ይህማ መሥሪያ ቤታችሁ በየዓመቱ የሚያድለው ካላንደር ነው» አለችኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጡረተኛው የሥዕል መምህር
እናትህ ዓይን አላቸው። ለመሆኑ ከጎሃ ሆነህ እያንዳንዱ ድንጋይ ይታይሃል? መኖሩን ስለምታውቅ ነው የሣልኸው። ዓይንህን ጠበብ አድርገህ ተመልከት፤ የሚቀርልህ አንድ ሞቃት ጎንና አንድ ቀዝቃዛ ጎን ነው። ጥቁሩን ቱቦ ለጎረቤት ልጅ ስጠው። ፀሐይ ያልነካው ግድግዳ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማይ ስለሆነ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አልትራማሪን ሰማያዊን ከሸክላማ ቡኒ ጋር ደባልቀህ ሞክረው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 እና በ1891 የእህል ክምር ብቻ 25 ያህል ጊዜ ሥሏል። ክምር አጥቶ አይደለም፤ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይለውጥ ነበር።

መልስ፦ ከአዘዞ
ወንድሜ፣ ፎቶውን ተወው። የስልክ ካሜራ ሰማዩን አስተካክላለሁ ሲል ጥላውን ያጠቁረዋል፤ አንተም ያንን ጥቁር ታምናለህ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ የማሩ ቀለም አይቆይም። ትልቁን ሸራ ቤት ተወውና መዳፍ የምታህል ካርቶን ይዘህ ውጣ፤ በ20 ደቂቃ ጨርስና ተነሥ። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ደመና ሲሥል ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ከሥዕሉ ጀርባ ይጽፍ ነበር። እኔም የውኃ ቀለሜ ጀርባ ላይ «ጥቅምት 12፣ 11፡40፣ ቀላል ነፋስ» እያልኩ እጽፋለሁ። በነገራችን ላይ በሚያዝያ አጋማሽ ቀትር ላይ እንዳትወጣ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትቆም ግንቡም እንደ ድስት ክዳን ጠፍጣፋ ይሆንብሃል።

መልስ፦ የአራዳው
የፈረንጅ ምክር በዛ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ያለ ፀሐይም ያበራሉ።

መልስ፦ ጡረተኛው የሥዕል መምህር
ያበራሉ እንጂ። ግን እዚያ መልአክ መሬት ላይ ጥላ ሲጥል አይተሃል? ያ ሙያ ሰዓት አያውቅም። ልጁ የሚጠይቀን ስለ 11 ሰዓት ተኩል ነው።

ጠያቂ፦ የቀሃ ልጅ
ዛሬ አራት ካርቶን ይዤ ወጣሁ። ሦስቱ ተበላሹ። በአራተኛው ላይ የቀኙ ማማ፣ ሁለት ጣት የምትሆን ቦታ ብቻ፣ ሞቀች፤ ጥላዋም ሐምራዊ ሆነ። እናቴ «ግንቡ የታለ?» ካለች በኋላ ትንሽ ቆይታ «ሊመሽ ሲል ነው አይደል?» አለችኝ። ችግሩ ነፋሱ አክሪሊኩን ገና ሳልቀባው እያደረቀብኝ ነው። ምን ትጠቀማላችሁ?