የባልትና ምርት ዋጋ ለማውጣት የቱ ይሻላል? ፒችትሪ፣ የሂሳብ ባለሙያ ወይስ የራስ ወፍጮ (ጥቆማ)

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እያዘጋጀሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። በወር 200 ኪሎ ያህል በርበሬ ይወጣልኛል፤ ደንበኛም አላጣሁም። ሆኖም ወር ሲያልቅ ለቀጣዩ ዙር ዛላ የምገዛበት ገንዘብ እጄ ላይ አይገኝም። በኪሎ 700 ብር የምሸጠው የሰፈሬ ባልትና ቤቶች በዚያ ዋጋ ስለሚሸጡ እንጂ አስልቼ አይደለም። አንዳንዶች ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም አስገቢ፣ አንዳንዶች የሂሳብ ባለሙያ ቅጠሪ፣ ሌሎች ደግሞ የራስሽን ወፍጮ ትከዪ ይሉኛል። የትኛው ወጪውን ይመልሳል? ልምድ ያላችሁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ

እኅቴ፣ በዚሁ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁና ያየሁትን ልንገርዎት። ከሦስቱ አንዱንም አስቀድመው እንዲገዙ አልመክርም። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ጥሩ ሚዛንና አንድ የኤክሴል ገጽ ነው፤ ምክንያቱም በባልትና ሥራ ወጪ ከሁሉ በላይ የሚሰወረው ክብደት ውስጥ ነው።

አንድ ኩንታል ዛላ በኪሎ 400 ብር ገዙ እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ የወሰድኳቸው ስለሆኑ በራስዎ ይተኳቸው። የከፈሉት 40,000 ብር ነው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ የሻገተው ተለቅሞ፣ አፈሩ ተራግፎና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ 82 ኪሎ ቢቀርዎት፣ የንጹሑ በርበሬ ዋጋ በኪሎ ወደ 488 ብር ከፍ ብሏል ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህን 88 ብር ከሒሳብ አላስገባሁትም ነበር፤ የገዛሁበትን 400 ብር ይዤ ስደምርና ስቀንስ ኖሬ ነው የከሰርኩት።

በዚያው ኩንታል ላይ ለኮረሪማው፣ ለጥቁርና ለነጭ አዝሙዱ፣ ለበሶብላው፣ ለነጭ ሽንኩርቱ፣ ለዝንጅብሉና ለጨው 9,000 ብር፣ ለሚቀነጥሱትና ለሚደልዙት የቀን ሠራተኞች 4,800 ብር፣ ለወፍጮ 1,500 ብር፣ ለመጓጓዣ 1,500 ብር ይጨምሩ። ድምሩ 56,800 ብር ይሆናል። ከወፍጮ የወጣው ዱቄት 96 ኪሎ ቢመዝን አንዱ ኪሎ 592 ብር ገደማ ፈጅቷል፤ የላስቲኩና የስቲከሩ 14 ብር ሲታከልበት 606 ብር ይደርሳል። ይህ በሚሠሩት መጠን ልክ የሚጨምርና የሚቀንስ፣ ተለዋዋጭ የሚባለው ወጪዎ ነው። በክረምት ማስጣት አስቸጋሪ ስለሆነ የሠራተኛው ቀን ይረዝማል፤ ስለዚህ የሐምሌን ዙር በጥር ዙር ሒሳብ አይተምኑት።

ቀጥሎ በርበሬ ቢሠሩም ባይሠሩም የሚከፈለው ቋሚ ወጪ ይመጣል። ኪራይ 8,000፣ መብራት፣ ስልክና የፈቃድ ማደሻ በወር ሲካፈል 2,500፣ በ30,000 ብር ተገዝተው አምስት ዓመት የሚያገለግሉ ማሸጊያ ማሽንና ሚዛን የእርጅና ቅናሻቸው (የተገዙበት ዋጋ ለሚያገለግሉበት ወራት ሲካፈል) 500፣ የእርስዎ ደመወዝ 12,000 ብር። የመጨረሻውን እባክዎ አይዝለሉት። ብዙ እኅቶቻችን የራሳቸውን ድካም በነጻ ቆጥረው ከኪሎው አተረፍን ይላሉ፤ ለቤት አስቤዛ የሚወጣው ገንዘብ ግን ከዚያው ከዛላው መግዣ ላይ ይነሳል። ወር ሲያልቅ ባዶ እጅዎን የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቋሚ ሠራተኛ ካለዎትም ከደመወዙ በላይ አሠሪው ለጡረታ የሚከፍለውን 11 በመቶ እዚህ ያስገቡ።

ቋሚ ወጪው በጠቅላላ 23,000 ብር ከሆነና በወር 200 ኪሎ ከሸጡ ለእያንዳንዱ ኪሎ 115 ብር ይደርሰዋል፤ ሙሉ ወጪዎ 721 ብር ነው ማለት ነው። በ700 ሲሸጡ በኪሎ 21 ብር፣ በወር 4,200 ብር ይጎድልብዎታል። በሌላ መንገድ ቢያዩት፣ ከ700 ብሩ ላይ 606ቱ ሲነሳ ለቋሚው ወጪ የሚተርፈው 94 ብር ስለሆነ፣ ሳይከስሩ ለመዝለቅ በወር 245 ኪሎ መሸጥ ይኖርብዎታል። ዋጋውን ወደ 760 ብር ቢያደርሱት ግን ከእያንዳንዱ ኪሎ 154 ብር ስለሚተርፍ 150 ኪሎ ይበቃዎታል፤ ይህም 50 ኪሎ ያህል ገዢ ቢሸሽብዎት እንኳ አይከስሩም ማለት ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገቡና ምርትዎ ታክሱ የሚከፈልበት ከሆነ 15 በመቶው ከ760 ብሩ በላይ ይታሰባል፤ ደንበኛው 874 ብር ይከፍላል፤ ልዩነቱ የመንግሥት ስለሆነ ከገቢዎ አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ጠየቁት ልምጣ። ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው፣ መደበኛ የሒሳብ መዝገብ ለመያዝና የሒሳብ መግለጫ ለማውጣት ጥሩ ነው፤ በአገራችን የተማረው የሂሳብ ባለሙያም ስለሚያውቀው ሠራተኛ ለማግኘት አያስቸግርም። ነገር ግን ያልተመዘነውን 18 ኪሎ ብክነት አይነግርዎትም፤ የሚሰጡትን ቁጥር ብቻ ነው የሚደምረው። በፍላሽ የተቀዳ ቅጂም አይጠቀሙ፤ እኔ በዚያ ምክንያት የሰባት ወር መዝገብ ጠፍቶብኛል። በእርስዎ መጠን ኤክሴል ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ገጽ ከፍተው የገባውን ክብደት፣ ከመቀንጠስ በኋላ የቀረውንና ከወፍጮ የወጣውን ለየብቻ ይጻፉ። ኮምፒውተር ከሌለዎት በስልክ ላይ ጉግል ሺትስ ያንኑ ይሠራል። ደብተርም ቢሆን እንደዚሁ ከተያዘ ያገለግላል፤ ችግሩ የአንድ ቅመም ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም እንደገና ማስላት አድካሚ መሆኑ ነው።

በትርፍ ሰዓት የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ ለግብር ማስታወቂያው ያስፈልግዎታል። ከመቅጠርዎ በፊት ግን የአንድ ኪሎ ምርትን ወጪ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። እኔ በወር እየከፈልኩ ያሠራሁት ቢሮ ግብሬን በወቅቱ ያሳውቅልኝ ነበር፤ የበርበሬው፣ የሽሮውና የሚጥሚጣው ወጪ ግን በአንድ ተጠቃልሎ ስለሚቀርብ ሽሮው በበርበሬው ትርፍ እየተደጎመ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ ለይቼ ስመዝን ነው። ስሌቱን በሥርዓት ለመማር ከፈለጉ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ሥልጠናዎችን ይጠይቁ፤ በዓለም የሥራ ድርጅት የንግድ ማሻሻያ ሥልጠናም ወጪ ማስላት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከሁሉም ለእኔ የጠቀመኝ ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ነው።

የራስ ወፍጮውን ለጊዜው ይተዉት። በኪሎ 15 ብር ገደማ እያስፈጩ በወር 200 ኪሎ ቢያወጡ ለወፍጮ ቤት የሚከፍሉት 3,000 ብር ነው። ወፍጮው 250,000 ብር ቢፈጅና አሥር ዓመት ቢያገለግል የእርጅና ቅናሹ ብቻ በወር 2,083 ብር ነው፤ የፈጪው ደመወዝ፣ የመብራቱ፣ የቤቱና የጥገናው ወጪ ሲጨመርበት ከ3,000 ብሩ በእጅጉ ይበልጣል። የራስዎ ወፍጮ የሚያዋጣው የሌሎችንም እህል የሚፈጭ ከሆነ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ንግድ ነው።

ዛላ ስለሚገዙበት ቦታም አንድ ነገር ልጨምር። መርካቶ በርበሬ በረንዳ በኪሎ የሚጠየቀው ዋጋ ማረቆ ወይም ሀላባ ከሚጠየቀው ይበልጣል፤ ነገር ግን ልዩነቱ የጭነቱን፣ የጉዞውንና የሥራ ቀንዎን ወጪ የሚሸፍነው ብዙ ኩንታል በአንድ ጊዜ ሲጫን ነው። ለሁለት ኩንታል ከመርካቶ ቢገዙ ይሻላል። የትም ቢገዙ ዛላውን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ይነቅንቁት፤ ፍሬው ካልተንኳኳና ሲያጥፉት ሳይሰበር ከተለመጠ እርጥበት አለው፤ ለውኃ በኪሎ 400 ብር እየከፈሉ ነው ማለት ነው። ተቀንጥሶ የሚሸጠውን በርበሬ ደግሞ ከላይ ካገኘነው 488 ብርና ከመቀንጠሻው የሠራተኛ ወጪ ድምር ጋር ያነጻጽሩት። ከዚያ በታች ካገኙትና ንጽሕናውን ካመኑበት ይግዙት።

ተጨማሪ ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሱፐርማርኬት በየወሩ 100 ኪሎ በርበሬ በ660 ብር ልውሰድ፣ ክፍያውን በ45 ቀን እፈጽማለሁ ብሎኛል። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ሙሉ ወጪዬ 721 ብር ስለሆነ እምቢ ልበል?

መልስ

ወዲያው እምቢ አይበሉ። 721 ብሩ አሁን በሚሸጡት 200 ኪሎ ላይ የተካፈለ ቋሚ ወጪ አለበት፤ ያ ወጪ ሱፐርማርኬቱ ገዛም አልገዛም ይከፈላል። ይህን ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ ኪራይና ያለ አዲስ ማሽን የሚያደርሱት ከሆነ ማነጻጸር ያለብዎት ከ606 ብሩ ጋር ነው። በኪሎ 54፣ በወር 5,400 ብር ይተርፍዎታል፤ የ4,200 ብሩን ጉድለት ሸፍኖ 1,200 ብር ያስቀርልዎታል።

የሚያሰጋኝ ክፍያው ነው። በየወሩ እያስረከቡ በ45 ቀን የሚከፈልዎት ከሆነ ሁለተኛውን 100 ኪሎ የሚያደርሱት የመጀመሪያው ሳይከፈልዎት ነው፤ ከ121,000 ብር በላይ ሰው እጅ ላይ ይቆያል። በዚያ መሐል ዛላው ከ400 ወደ 450 ብር ቢወጣ ተለዋዋጭ ወጪዎ ወደ 658 ብር ይጠጋል፤ ከ54 ብሩ የሚቀርዎት 2 ብር ብቻ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ማሸጊያ የያዙ ነጋዴዎች ዕቃውን በቀድሞው ዋጋ ሸጠው መልሰው መተካት ሲያቅታቸው አይቻለሁ። ስለዚህ ዋጋ ሲሰጡ የሚቀጥለው ኩንታል በሚገዛበት ዋጋ ያስሉ እንጂ ባለፈው አይደለም።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ትእዛዙን ለሦስት ወር ብቻ እቀበላለሁ፤ በውሉም ላይ ዋጋው ለ30 ቀን የሚጸና መሆኑን፣ ግማሹ ክፍያ በርክክብ ዕለት እንደሚፈጸምና ያልተሸጠ ዕቃ ተመላሽ የሚደረግበትን ሁኔታ በግልጽ አጽፋለሁ። ሱፐርማርኬቱ ግማሹን በርክክብ ዕለት ለመክፈል ካልተስማማ ትእዛዙን ወደ 50 ኪሎ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።