እርዱኝ፦ ጥቁሩ ቀለም በሦስት ሳምንት አልደረቀም፤ ሥዕሉ ቅዳሜ ይሄዳል

የቀሃ ዳር ሠዓሊ (ጠያቂ)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ገዥው ቅዳሜ ጠዋት ከአዘዞ ይበራል፤ ሸራውን ከፍሬሙ አውልቆ፣ ጠቅልሎ ሊወስደው ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው! ሌላው ሁሉ ደርቋል፤ በዛፉ ሥሮች መካከል ያለው ጥቁር ግን ላዩ ቆዳ አውጥቶ ተጨማደደ፣ ውስጡ ጣት ላይ ይጣበቃል። በዚህ ላይ ሰውየው «በሥዕሎችህ ሁሉ የፋሲል መዋኛን ግንብ የጨበጡት ሥሮች አሉ፤ ትርጉማቸውን በግማሽ ገጽ ጻፍልኝ» ብሎኛል። እሱንም አልጻፍሁም። ምን ላድርግ?

አክንባሎ
ምጣድ ላይ አስፋው። እንፋሎት እንዳያመልጥህ ክደነው።

ፀሐይ ይበቃል
ፀሐይ ላይ አውጣው።

አክንባሎ
በነሐሴ? በጎንደር? የትኛዋ ፀሐይ?

የሥላሴ ጎረቤት
ልጄ፣ ከችኮላህ በፊት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደህ ቀና በል። ጣሪያውን የሞሉት ክንፍ ያላቸው ፊቶች ሁሉም ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ተደጋገሙ ብሎ የሚሰለች ግን የለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ርኩሱ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን ምእመኑ ሁሉ ያነበዋል፤ ሠዓሊው ማብራሪያ መጻፍ አያስፈልገውም። አንተ የምትደጋግመው ግን የራስህን ምልክት ነው፤ ስለዚህ ማስረዳቱ ዕዳህ ነው። ደግሞም የጥንቶቹ የሠሩት በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው እንጂ በዘይት ቀለም አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ ያን ቤተ ክርስቲያን ንብ ጠበቀው ይባላል። የእነርሱ ቀለም ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ የአንተ ሦስት ሳምንት አልቻለም።

የቀሃ ዳር ሠዓሊ
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ቅዳሜ ግን አይጠብቀኝም።

ሸራ ወጣሪ
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አልነገርኸንም። ጥቁሩ ምን ዓይነት ነው? በምን አቀጠንኸው? ስንት ጊዜ ደረብህበት?

የቀሃ ዳር ሠዓሊ
አይቮሪ ብላክ ነው። በአኳራጅ ጀመርሁ፤ የተልባ ዘይቱ ሲያልቅብኝ የኑግ ዘይት ጨመርሁበት፤ ያው ዘይት ነው ብዬ ነው ያልጻፍሁት። ስንት ጊዜ እንደደረብሁ አልቆጠርሁም፤ ማታ ማታ እነካካዋለሁ።

አክንባሎ
ሽንኩርቱንስ ከትፈህበታል?

ፀሐይ ይበቃል
ዘይት ከሆነ ፀሐይ ያደርቀዋል።

ሸራ ወጣሪ
የዘይት ቀለም እንደ ታጠበ ልብስ ውሃው ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ተልባ በዚህ ጎበዝ ነው፣ ኑግ ቀርፋፋ ነው። አይቮሪ ብላክ ራሱ ከቀለሞች ሁሉ ዘግይተው ከሚደርቁት አንዱ ነው። በላዩ ደግሞ ብርድና እርጥበት አለ። አንተ ያልደረቀው ላይ እየደረብህ ላዩ ቆዳ ሲያወጣ የታችኛው አየር አጣ፤ መጨማደዱም ከዚያ መጣ። መጠበቅ አይጠቅምህም። ጥቁሩን በቀለም ቢላ እስከ ጠንካራው ንብርብር ድረስ ፋቀው፣ አኳራጅ በነካካ ጨርቅ ቀስ ብለህ ጥረገው። ጥቁር የግድ ካስፈለገህ አምበር የሚባለውን ቡናማ ከጥቂት አልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ደባልቅ፤ ጥቁር ይመስላል። አምበር ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል። አንድ ስስ ቅብ ብቻ! ከዚያ ብርሃንና አየር ያለበት ክፍል አቁመው። ከሰል አታንድድበት፤ በተዘጋ ቤት ከሥዕሉ በፊት አንተ ትደርቃለህ። ቫርኒሽ አይታሰብም፣ ወራት ይጠብቅ። ከደረቀና መጠቅለሉ ግድ ከሆነ የተሣለው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቅለል። ካልደረቀ ግን አይጠቀለል፤ ሰውየውን ለምነው።

የግንበኛ ልጅ
እኔ ቀለም አላውቅም፤ ሥሩ ላይ ግን አልስማማም። «ግንቡን የጨበጡት» አልህ። ሥር ግንብ አይጨብጥም። በስንጥቅ ይገባል፣ ይወፍራል፣ ድንጋዩን ይገፋል። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው ያ ሥር ግንበኛን እንቅልፍ ይነሣዋል። አንተም ውበቱን ብቻ እየሣልህ ነው የምትሸጠው።

የሥላሴ ጎረቤት
ይኸን ያህል ዘመን አብረው ቆመው የለም እንዴ?

የግንበኛ ልጅ
ቆመዋል ጋሼ። እስኪወድቁ ድረስ ሁሉም ይቆማል።

የቀሃ ዳር ሠዓሊ
ነገሩ እኮ እሱ ነው። ልጅ ሆኜ በጥምቀት፣ ገንዳው በቀሃ ወንዝ ውሃ ሲሞላ፣ ሕዝቡ እንዳይገፋኝ ከእነዚያ ሥሮች አንዱን ይዤ ነበር የቆምሁት። ይይዘው ይግፋው ያን ጊዜም አላወቅሁም። አሁን ስሥለው ብርሃን ስሰጠው ያቀፈ ይመስለኛል፤ በመካከሉ ጥቁር ስጨምር ያነቀ ይመስለኛል። ማታ አንዱ ደስ ይለኛል፣ ጠዋት ሌላው።

ሸራ ወጣሪ
እንግዲህ ቀለሙ ለምን እንዳልደረቀ ራስህ ነገርኸን። አሁን የጻፍኸውን እንዳለ ለገዥው ገልብጥለት፤ ግማሽ ገጽህ ሞላ። ከዚያ ቢላህን አንሣ።

የቀሃ ዳር ሠዓሊ
ሐሙስ ማታ ነው። ፋቅሁት። ከጥቁሩ በታች መጀመሪያ ቀን ያስቀመጥሁት ግራጫ ወጣ፣ ደረቅ ነው፤ ሁለት ድንጋዮችም አሉበት፣ ጨርሶ ረስቻቸው ነበር። አምበሩን ልቀባበት ወይስ እንዲሁ ልተወው?

የግንበኛ ልጅ
ድንጋዮቹን አትሸፍናቸው።

ፀሐይ ይበቃል
ፀሐይ ላይ አውጣው አላልሁም?

አክንባሎ
ሰኞ ሆነ። ሥዕሉ በረረ ወይስ ከሰውየው ጋር ተጣበቀ?

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መካከል ገባሁ፤ የእኔ ደግሞ ቀዩ ነው የማይደርቀው። የበላሁት ዘይት ስለሆነ ነው?

አክንባሎ
የበላኸው ከሆነ ሐኪም ጠይቅ።