ደሴ ላይ ደጅ ስንሥል የውሃ ቀለሙ ሰማይ ለምን ይበላሻል?

ሰማያዊ ብሩሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቤት ሳልርቅ በረንዳ ላይ ሆኜ የጦሳን ተራራ በውሃ ቀለም እየሣልኩ ነው። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝነው ነው፤ ኮምፔንሳቶ ላይ በአራት ክሊፕ ይያዛል። ደሴ ላይ ሰማዩ ሊደርቅ ሲል ጠርዙ የተሸረፈ፣ አበባ የመሰለ ነጣ ያለ እድፍ ይወጣዋል። ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ሳልጨርሰው ይደርቅና መስመር መስመር ይሠራል። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው የአየሩ? ለጦሳስ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ቦርከና ዳር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ሁለቱም የውሃ አለመመጣጠን ነው። እድፉ የሚመጣው ወረቀቱ ግማሽ ደርቆ ሳለ ከእሱ የረጠበ ብሩሽ ሲነካው ነው፤ ትርፉ ውሃ ቀለሙን እየገፋ ሄዶ ጠርዝ ላይ ይከምረዋል። ወረቀቱን ጎንበስ ብለሽ በአግድም እዪው። ውሃው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቀለም መጨመር ይቻላል። ማብረቅረቁ ከጠፋ እጅሽን ሰብስቢ፤ የእጅሽን ጀርባ ስታስጠጊ ቅዝቃዜው እስኪጠፋ ድረስ አትንኪው። ደሴ ጉም ሲወርድ ይህ የመሀል ጊዜ ይረዝማል፤ አብዛኛው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ያፈጥነዋል። ስለዚህ ቀለሙን አስቀድመሽ በጥብጪ። ለኤ4 ወረቀት ሰማይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል፤ መሀል ላይ ካለቀና እንደገና ከበጠበጥሽ መስመሩ ያኔውኑ ተሠራ ማለት ነው። ከሰሌዳው (ከኮምፔንሳቶው) ራስጌ ሥር ጠጠር አስገቢና አዘንብዪው። በሰፊ ብሩሽ ከላይ ጀምሪ፤ ታች ጫፍ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚቀጥለው ምት ይዞት ይውረድ። መጨረሻ ላይ የቀረውን በተጨመቀ ብሩሽ ምጠጪው፤ ካልሆነ ወደ ላይ ተመልሶ ያንኑ አበባ ይሠራል። ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ሁለት ሦስት ጠብታ በአንድ ስኒ ውሃ መጨመርም ድርቀቱን ያዘገያል።

ኮምፔንሳቶ፦
ግሊሰሪኑ ለኮምቦልቻ ይሁን፤ ደሴ ላይ ግን አልደግፈውም። ከበዛ ሥዕሉ ሲጣበቅ ይከርማል።

ይልቅ ወረቀቱን አትርሱት። 200 ግራም ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፣ ክሊፑ ደግሞ ጥጉን ብቻ ይይዛል፤ ቀለሙ ስርጉዱ ውስጥ ይተኛል። ንጹሕ ጥጥ የሆነ 300 ግራም ቢገኝ ይሻላል፤ ውድ ነው። ካልተገኘ ያለውን መወጠር ነው። አምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፣ ሰሌዳው ላይ ተዘርግቶ ዙሪያውን በየ4 ሴንቲ ሜትር በስቴፕለር ይመታ። ተራ የወረቀት ፕላስተር (ማስኪንግ ቴፕ) እርጥብ ላይ አይዝም። ሲደርቅ ሰሌዳው ይጋደም፤ ከቆመ ውሃው ወደ ታች ወርዶ አንዱ ወገን ሌላውን ይስበዋል። ስቴፕሉ የሚነቀለው ሥዕሉ አልቆ ከደረቀ በኋላ ነው።

የጦሳ ጥላ፦
ስለ ሰዓቱ፦ ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሸንተረሩ ከነጥላው ይነበባል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ተራራው አንድ ወጥ ሰማያዊ ይሆናል፤ ለጀማሪ እንዲያውም የሚቀለው ይኸኛው ነው። ጠዋት ከሆነ የጥላዎቹን ድንበር በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች በእርሳስ ያዢ፣ ከዚያ አትቀይሪው፤ ጥላን ተከትሎ የሚሮጥ ሥዕል ሁለት ፀሐይ ይኖረዋል።

ወረቀቱ ላይ ፀሐይ አይረፍ። ፀሐይ ላይ ሁሉም ፈዞ ስለሚታይ ቀለም ታበዢበታለሽ፣ ቤት ሲገባ ይጨልማል። ጃንጥላውም ጥቁር ወይም ግራጫ ይሁን፤ ቀይ ከሆነ ወረቀቱን ያቀላዋል።

ለባሕር ዛፉ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ አይሆንም። ኡልትራማሪን ሰማያዊና የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) ቀላቅለሽ በጥቂት በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) ስበሪው። ለጋው ቅጠል ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የበሰለው ወደ ወይራ። የሚያበራ የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ባዶ ወረቀት ነው፤ ከመጀመሪያው ዘልለሽ እለፊው።

ሰማያዊ ብሩሽ፦
እናመሰግናለን። ጉም ባለበት ቀን ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ይቻላል?

ኮምፔንሳቶ፦
ይቻላል፤ ግን በረንዳው ላይ ይሁን፣ ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ አደገኛ ነው። ሰሌዳው ከምድጃው አንድ ክንድ ይራቅ፣ በየጊዜውም ይዙር። አንድ ወገን ቀድሞ ከደረቀ እዚያ ጠርዝ ይሠራል። ውሃው እያብረቀረቀ ሳለም አታስጠጊው፤ መጀመሪያ ማብረቅረቁ ይጥፋ።